የምስክሩ እናት

«የሟች ስም ከነአባት?» አልኩት፣ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳላነሣ።

ጠዋት ጠዋት የወራሽነት ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው አይጠፋም። በዚህ ሥራ ብዙ የቆየ ሰው «ሟች» ብሎ ሲጽፍና «አመልካች» ብሎ ሲጽፍ ልዩነቱ አይሰማውም፤ ስሙን ይሞላል፣ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። ሰውየው ግን «የሻረግ» ሲለኝ ጣቴ ቆመ። የሻረግ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ቀና ብዬ አየሁት። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ገና ከመኪና የወረደ ጎልማሳ ገበሬ ነው።

«ዱላ ይዘው እዚች ደፍ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ናቸው?»

«እንዴታ፤ አክስቴ ናት፣ የናቴ እኅት። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ አንች ነሽ እንዴ? ስታነሣሽ ነበር።» ጎንበስ ብሎ ደፉን አየው። «ጾሙ ሊገባ ሲል አረፈች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለሩቅ ሰው አልተነገረም፤ ያለነው ሆነን ቀበርናት።»

ተነሥቼ ውጭ ወጣሁ። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ባለጉዳዮች እንደ ሁልጊዜው ቆመዋል። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ እንኳ በወጉ አልመጣልኝም። ሰውየው ግራ ገብቶት ከኋላዬ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሱቄ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ መታወቂያ በፕላስቲክ እለብጣለሁ። ትዕግሥት አልታደልኩም። ባለጉዳይ ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ሊያወራኝ ሲነሣ «ፍሬ ነገሩን ንገሩኝ» እያልኩ አቋርጠዋለሁ፤ ፊቴም ይጠቁራል ይሉኛል። እማማ የሻረግን ግን አቋርጬ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሲያቋርጧቸው ዝም ይላሉ። አቋራጩ ሲደክመው፣ ካቆሙባት ቃል ላይ ተነሥተው በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን «አላስቸግርሽም ልጀ» እያሉ ነው የገቡት። ይህችን ቃል ሲሉ እውነት መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ፣ «አላስቸግርም» ካሉ በኋላ እሳቸው የሚያስቸግሩትን ያህል ያስቸገረኝ ሰው የለም። ወንበር ስሰጣቸው «መንገደኛ እንዳላስቸግር» ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ የገባ የወጣው ሁሉ በሳቸው ተደናቀፈ። ደፉ እስከ መጨረሻው ቦታቸው ሆኖ ቀረ።

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ትንሽ የመታወቂያ ፎቶ አወጡ። ልጃቸው ላቀው ነው። ጸጉሩን ውኃ ነክቶ ያበጠረ፣ ካሜራውን የፈራ ወጣት።

«አሳድጊልኝ» አሉኝ።

አሳደግሁት። «ትንሽ ጨምሪ» አሉ። ጨመርኩ። «ትንሽ ደግሞ።» ፊቱ ነጠብጣብ እየሆነ መጣ።

«ከዚህ በላይ ካደገ ይበላሻል፣ እማማ» አልኳቸው።

«እሱስ ሕፃን ሳለም አላድግ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር» አሉ፤ ሳቅ አልኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ማተሚያው ወረቀቱን ነክሶ ሲያስቀርብኝ እንደ ልማዴ ጎኑን በጥፊ ልለው እጄን አነሣሁ። ተነሡና እጄን ያዙኝ። ማተሚያውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «ቀስ ብለህ፣ አንተ፣ ማን አባረረህ» አሉት። ወረቀቱ ወጣ። በአጋጣሚ ነው፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማተሚያውን መምታት አፍራለሁ።

ላቀው አንድ ልጃቸው ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወርዶ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። «ሌላ እርሻ አለ ብሎ ተለየን» አሉ ጓደኞቹ። ከዚያ ወዲያ መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ወሬው በዚያው ጠፋ። እማማ የሻረግ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ የሞተ ሰው የለምና። ደጃቸውን ዘግተው አልተኙም፤ የሚመጣ ሰው አለና። «ሞተ የሚለኝ ጠፋ፤ አለ የሚለኝም ጠፋ» ይሉኝ ነበር።

ነገሩን የጀመርኩት ሳላስበው እኔው ነኝ። አንድ ቀን እሳቸው ደፉ ላይ እያሉ አንድ ባለጉዳይ ምስክሩ የተናገረው ነገር ጠፍቶብኛል ብሎ ሲጨነቅ «አይጠፋም፤ ምስክር የተናገረው ሁሉ ተጽፎ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግልባጭ ይጠይቁ» አልኩት። ሰውየው ሲሄድ እማማ የሻረግ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የምስክር ነገር ይቀመጣል አልሽ?»

«ይቀመጣል።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ እስከማውቀው ብዙ ዓመት።»

«ላቀው አንድ ጊዜ ኸዚህ መጥቶ መስክሮ ነበር» አሉ። «አላስቸግርሽም። እሱ የተናገረውን ታስወጭልኛለሽ?»

ለምን እንደፈለጉት ወዲያው አልገባኝም። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ፊቱ ፎቶ ላይ አላቸው። የጠፋባቸው አነጋገሩ ነው። ላቀው እርግጠኛ የሆነበትን ነገር እንኳ ሳያመነታ አይናገርም ነበር። «እንጃ፣ ራበኝ መሰለኝ» ነበር የሚለው፣ ሲርበው። ዝናብ እየወረደበት ገብቶ «እንጃ፣ ሳይዘንብ አይቀርም» ይላል። «አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚች በ‹እንጃ› ምክንያት ስንት ጊዜ ተቆጣው። ወንድ ልጅ ‹እንጃ› አይልም እያለ። አሁን ሌሊት ስነቃ እንዴት እንደሚላት ልሰማት እሞክራለሁ፣ አትመጣልኝም። ዳኛ ፊት ቆሞ እንዴት አድርጎ እንዳላት ባውቅ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ። ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። «የከሳሽ ስም?» አልኩ።

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«የተከሳሽስ?»

«አልናገርም።»

«ምን ማለት ነው አልናገርም?»

«ተገዝተናል፣ ልጀ። አገሩ በሙሉ ተገዝቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ባለችው ቀበሌያቸው ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ፣ ተካሰሱ። ላቀው ከአጠገባቸው ሲያርስ ስለነበር ለምስክርነት ተጠራ። ፍርዱ ሳይሰጥ አንድ ማታ ጠመንጃ ተነሣ፤ ደም ሊፈስ ነው ሲባል ሽማግሌ ገባ። አስታረቁ። ቄስ ጥበቡ ደጀ ሰላሙ ላይ መስቀል ይዘው፣ ይህን ነገር መልሶ ያነሣ፣ የነዚህን ሰዎች ስም በዚህ ነገር የጠራ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሽማግሌውም፣ ሴቱም፣ ምስክሩም «ይሁን» አለ። ባለጉዳዮቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ታርቀናል ብለው መዝገቡን አዘጉ። እንዲህ ያለ እርቅ በኛ አገር ከፍርድ ይከብራል፤ ፍርድ ቢሆን ይግባኝ አለው፣ ግዝት ይግባኝ የሚሉበት የለም።

እኔ ተናደድኩ። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ነገሩን አላነሡም፤ ልጅዎ የተናገረውን ነው የጠየቁ።»

«ስማቸውን ካልጠራሁ ወረቀቱ አይወጣም፤ ስማቸውን ከጠራሁ አነሣሁት።»

ይዣቸው መዝገብ ቤት ገባሁ። አቶ ዋሴ የሚባሉ፣ ሰው የማያመናጭቁ ሠራተኛ አሉ። ሰምተው አዘኑ። መዝገብ የሚገኘው በቁጥሩ፣ ቁጥሩ ከጠፋ በከሳሽ ወይም በተከሳሽ ስም እንደሆነ፣ ምስክር በስሙ እንደማይመዘገብ አስረዱን። ማንም ሰው ማመልከት ይችላል፣ ዳኛው ከፈቀዱ ግልባጭ ይሰጣል፤ ግን መዝገቡ መጀመሪያ መታወቅ አለበት። «አንድ ስም ብቻ ይስጡኝ፣ እናቴ፤ አንድ ስም ይበቃኛል» አሏቸው።

እማማ የሻረግ አንገታቸውን ደፉ። «አላስቸግርህም፣ ልጀ» አሉ። ስሙ አፋቸው ላይ ነበረ። እዚያ ቆሜ ማየቱ አስጠላኝ።

ቄስ ጥበቡ በእርጅና ምክንያት ቡሬ ልጃቸው ቤት ገብተዋል መባሉን እማማ የሻረግ ሰምተው ነበርና፣ የገዘተ ይፈታል ብለው ሊሄዱ ተነሡ። እኔም የማተሚያ ቀለም ጨርሼ ቡሬ የምሄድበት ጉዳይ ስለነበረኝ አብረን በሚኒባስ ሄድን። መንገድ ላይ ለፍተሻ ሁለት ቦታ አስወረዱን፤ እሳቸው በየቦታው ለሚፈትሻቸው ወጣት «አላስቸግርህም» እያሉ ቋጠሯቸውን ሳይጠየቁ ይፈቱለታል። ላቀው ፎቶው ላይ ሆኖ በየኬላው ተፈተሸ።

ቄስ ጥበቡ አጥር ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። በድምፅ ለዩዋቸው፣ መስቀል አሳለሟቸው።

«አባ፣ አላስቸግርዎትም» አሉ እማማ የሻረግ፤ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። «ያን ጊዜ የገዘቱንን ለኔ ብቻ ይፍቱልኝ ብየ ነው። ነገሩን ላነሣው አይደለም። ልጀ የተናገረውን ብቻ ልስማ።»

ቄሱ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የሻረግ፣ ለአንች ብቻ የሚፈታ የለኝም። ያን ቀን ለሁላችሁም በአንድ ቃል ነው ያልሁት። ለአንች ፈታሁ ብል ነገ የነሱ ልጆች ‹ተፈቷል አሉ› ይላሉ። ያን ጊዜ ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ ጠመንጃ ይዘዋል። ዘመኑን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ አባ።»

«ላቀውን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ። «ምን ላርግሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ እኔ ምን ላርግሽ?»

አፌ አላርፍ አለኝ። «አባ፣ አንዲት እናት ወረቀት ስላነበበች ምን ጠብ ይመጣል?»

«አንች የዚያ አገር ሰው አይደለሽም፣ ልጀ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

እማማ የሻረግ መስቀሉን ደግመው ተሳለሙና «ደግ፣ አባ። እንዳሉት ይሁን» አሉ። ክርክር አልነበረም። እኔ ግን ሁለቱንም ሽማግሌዎች አንሥቼ ብወዘውዛቸው ደስ ባለኝ። ማን ላይ ልናደድ? ቄሱ ልክ ናቸው። እማማ የሻረግም ልክ ናቸው። አቶ ዋሴም ልክ ናቸው። ሁሉም ልክ ሆኖ ሴትዮዋ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በሚኒባሱ ስንመለስ በመስኮት በቆሎውን እያዩ ቆዩ። ሊወርዱ ሲሉ ወደኔ ዞሩ።

«ቄሱ ምን አሉሽ? የዚያ አገር ሰው አይደለሽም አሉሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ አንች አልተገዘትሽም።»

መኪናው አወረዳቸውና ሄድን። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በገበያ ቀን ነው። ጠዋት መጡ፣ ደፉ ላይ ተቀመጡ፣ ሰውም እየተደናቀፈባቸው ገባ ወጣ። በርበሬና በቆሎ የጫነ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ በሱቄ ፊት ነው የሚያልፈው። ቀትር ላይ ዱላቸውን አነሡና አንድ ነጭ በቅሎ የሚስብ ሽማግሌ አሳዩኝ።

«ያ ሰውየ ስሙ ማን ይሆን?» አሉ።

«ያውቁታል?»

«ከየት አውቀዋለሁ።»

ሰውየው በአጠገባቸው ሲደርስ ቆም ብሎ «እንዴት ዋልሽ፣ የሻረግ» አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው። ሰውየው አለፈ። ከሁለቱ ተካሳሾች አንዱ መሆኑ ገባኝና ሳቄ አፈነኝ። ሮጥ ብዬ ደረስኩበትና መታወቂያ የረሳ ሰው አለ፣ እርስዎ ይሆኑ እንዴ፣ ስምዎን ማን ልበል አልኩት። ምስኪኑ ሰውዬ ስሙን ከነአያቱ ነገረኝ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ የኔስ አለ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።

ስመለስ «ነገረሽ?» አሉኝ።

«ነገረኝ።»

«ለኔ እንዳትነግሪኝ።»

ማመልከቻውን ጻፍኩ። «ግልባጩ ያስፈለገበት ምክንያት» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። «የልጄን አነጋገር ልሰማ» ተብሎ ለፍርድ ቤት አይጻፍም። «ለግል ማስረጃነት» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

«ለራሴ ልይዘው ማለት ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ውሸት የለበትም» አሉ፤ ፈረሙ፣ በጣታቸው።

ዳኛዋ ወጣት ናት። ማመልከቻውን አየች፣ አቶ ዋሴ በስሙ ፈልገው ያወጡትን መዝገብ አየች፣ እሳቸውን አየች። «እናቴ፣ ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?»

«የምስክሩ እናት ነኝ።»

«ግልባጩን ምን ሊያደርጉት ነው?»

ልናገርላቸው ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። እማማ የሻረግ ትንሽ አሰቡ። «ልጀ የለም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ዳኛዋ ግልባጩ ይሰጣቸው ብላ ፈረመች።

ግልባጩ ተዘጋጅቶ እጄ በገባበት ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። ስልክም አልነበረም። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ከረመ። ብዙ ጊዜ መሳቢያውን ስከፍት አየዋለሁ፤ እሳቸው ሳይሰሙት ማንበብ ግን ነውር መሰለኝ። ከተማው ሰላም ሲሆን ፍርድ ቤቱ ይከፈታል፣ ተኩስ ሲሰማ ሁላችንም ሱቃችንን ዘግተን እንገባለን። እማማ የሻረግ በዚያ ወዲያ ማዶ፣ እኔ በዚህ። «አድርስልኝ» የምለው ሰው አጣሁ።

መንገድ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና መጡ። ከስተዋል። ደፉ ላይ አልተቀመጡም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ የሚመጣባቸው ይመስል።

«የሰዎቹን ስም ዝለይው» አሉኝ። «የሱን ብቻ።»

አነበብኩ። «‹ምስክሩ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ ተከሳሹ ከሳሽ ይዞት የነበረውን ወሰን አልፎ ሲያርስ በቅርብ ርቀት ሆኜ ተመልክቻለሁ፤ ቀደም ሲል ወሰኑ በድንጋይ ተለይቶ የነበረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚህ ውጪ ስለጉዳዩ የማውቀው ነገር የለም በማለት አስረድቷል።›»

ይኸው ነው። ከዚህ በታች የጸሐፊው ፊርማ ነው ያለው።

እማማ የሻረግ ጠበቁ። ገና የሚቀጥል መስሏቸዋል።

«አለቀ፣ እማማ።»

«አለቀ?» አሉ። «ልጀ እንዲህ አይናገርም እኮ።»

«የጻፈው ጸሐፊ ነው። የተናገሩትን ባጭሩ፣ በሕግ አነጋገር ነው የሚጽፉት። ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው።»

«‹እንጃ› አንድም ቦታ የለበትም?»

አየሁ። የለም። ‹በቅርብ ርቀት› አለ፣ ‹ቀደም ሲል› አለ፣ ‹መሆኑን› አለ።

«እስቲ ደግመሽ እይው። እሱ ሳይላት አይቀርም። ዳኛ ፊት ቆሞማ ይላታል።»

ደግሜ አነበብኩ። በዚህ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ያዘኝና፣ «እንጃ፣ ወሰኑን አልፎ ሲያርስ ያየሁ ይመስለኛል» ብዬ አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር በራ፣ ወዲያው ጠፋ።

«እሷን አንች ነሽ ያስገባሻት» አሉኝ።

«አዎ።»

«ተይው፣ ልጀ። የተጻፈውን ብቻ አንብቢልኝ።»

የተጻፈውን አነበብኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ‹አስረድቷል› የምትለዋን ቃል ማንበብ አቃተኝ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም። ወረቀቱን ተቀብለው ፊደል እንደሚያውቅ ሰው ብዙ አዩት። ከዚያ የጠየቁኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«የት ቆሞ ነው የተናገረ?»

አቶ ዋሴን ለመንኳቸው። ለምሳ ሰው ሲወጣ ችሎቱን ከፈቱልን። ባዶ አግዳሚ ወንበር፣ የዳኛ መቀመጫ፣ ከፊት ለምስክር መቆሚያ የተሠራች የእንጨት መደገፊያ። አቶ ዋሴ በእጃቸው ጠቆሟቸው። እማማ የሻረግ ዱላቸውን ለኔ ሰጡኝና ሄደው እዚያች ላይ ቆሙ። እንጨቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። የስንት ሰው እጅ አልስልሶታል።

«ኸዚህ ነው የሚይዙት?»

«አዎ፣ እናቴ» አሉ አቶ ዋሴ።

«ጮኸው ነው የሚናገሩት፣ ቀስ ብለው?»

«እንደ ሰዉ ነው።»

«ላቀው ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። ዳኛው ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናል» አሉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያቺን ቃል ይሞክሯት ነበር፣ እሱ እንደሚላት ሊሏት። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልመጣችላቸውም። እኔና አቶ ዋሴ በሩ ላይ ቆመን መሬት መሬቱን አየን። የምንረዳቸው ነገር አልነበረም።

ሲወጡ ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ። «አንች ዘንድ ይቀመጥ። ከኔ ቤት አይጥ ይበላዋል። ባይሆን ከመጣ ታሳይዋለሽ።» ከመጣ። መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። ረዳቱ ደግፎ ሲያሳፍራቸው «አላስቸግርህም» ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

የእኅታቸው ልጅ አሁንም ቆሟል። ገብቼ ተቀመጥኩ። መሬቱ ያለ ባለቤት እንዳይቀር ማስረጃ አውጣ ብለውት ነው የመጣው፤ ደግ ሰው ይመስላል፣ አክስቱን ያስታመመ እሱ ነው። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የሞቱበትን ቀን ሞላሁ። ከዚያ የምትቀጥለዋ መስመር መጣች፤ ሺህ ጊዜ የጠየቅኋት ጥያቄ ናት፣ ከአፌ ለመውጣት ግን ዘገየች።

«ልጅ ነበራቸው። ፍርድ ቤቱ ይጠይቅሃል። ላቀው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?»

ሰውየው ጋቢውን ሳብ አደረገ። ወደ ደፉ ዞሮ አየ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው እንዳይሰማው የፈራ ይመስል።

«እንጃ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

እጄ ቀድሞኝ ጻፈው። ስክሪኑ ላይ፣ «ሟች አንድ ልጅ የነበራቸው ሲሆን» ከሚለው ቀጥሎ «እንጃ» ብሎ ቆመ። ብዙ አየሁት። እንዲህ ተብሎ ዳኛ ፊት አይቀርብም፤ አቶ ዋሴም አይቀበሉትም፣ ሰውየውም ተመላልሶ ይቸገራል። ፊደሎቹን ወደ ኋላ አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። «በሕይወት መኖሩም ሆነ መሞቱ በእርግጠኝነት የማይታወቅ መሆኑን ለፍርድ ቤቱ አስረዳለሁ» ብዬ ጻፍኩበት።

አትሜ አነበብኩለት። ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ ሰማኝ። እንዲህ አላልሁም አላለኝም። «ይሁን» አለና ፈረመ።